የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ስለሚቀጥሉት ልጆችም ይወስናል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱን መርጠን ያቀረብነው ሁሉም ከሐዋሳና ከአካባቢዋ የተላኩ በመሆናቸው፣ እንዲሁም በምጥ መውለድንና በኦፕራሲዮን መውለድን በተመለከተ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ስጋቶችን ስለሚያነሱ ነው። የጠያቂዎቹን ማንነት ሊገልጹ የሚችሉ ዝርዝሮችን አውጥተናል። መልሱን የሰጡት የዓምዳችን የጽንስና ማህፀን ሐኪም ናቸው።

ጥያቄ፦ «የተከበሩ ዶክተር፣ የምኖረው ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ በክትትሌ እስካሁን ምንም ችግር አልተገኘብኝም። ታላቅ እኅቴ በምጥ ስትወልድ እናታችንም ሆነች ባለቤቷ እንዳይገቡ ተከልክለው ብቻዋን አደረች፤ ስትጮህ ተቆጧት፤ ሲሰፏትም ማደንዘዣው በቅጡ እንዳልያዘላት ዛሬም እያለቀሰች ትናገራለች። የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ በግል ሕክምና ተቋም በቀጠሮ ገብተው በኦፕራሲዮን ወልደዋል፤ ‹አንድ ሰዓት እንኳን አልሞላም› ይላሉ። እናቴ ‹ሴት ልጅ አምጣ ስትወልድ ነው የልጅን ዋጋ የምታውቀው› እያለች ትቆጣለች፤ ባለቤቴ ‹አንቺ ያልሽው ይሁን› ይላል። እኔ በኦፕራሲዮን መውለድ እፈልጋለሁ። እግዚአብሔር ከፈቀደ አራት ልጆች እንዲኖሩን እናስባለን። ምኞቴ ነውር ነው? ልጄንስ ይጎዳል?»

መልስ፦ እኅቴ፣ ምኞትዎ ነውር አይደለም። ሐኪም ፊት ቀርቦ «በኦፕራሲዮን መውለድ እፈልጋለሁ» ማለትም ሆነ «አልፈልግም» ማለት መብትዎ ነው፤ የሐኪሙ ግዴታ ደግሞ ከምኞትዎ በስተጀርባ ያለውን ነገር ጠይቆ መረዳት ነው። ደብዳቤዎን ሳነብ ከምጥ ሕመም ይልቅ በእኅትዎ ላይ የደረሰው አያያዝ እንዳስፈራዎት ተረዳሁ። በእርግዝና ክትትል ላይ «ኦፕራሲዮን ይሻለኛል» የሚሉን ሌሎች ሴቶችም ጠጋ ብለን ስንጠይቃቸው የሚነግሩን ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ነው፦ ብቻዬን እተዋለሁ፣ እሰደባለሁ፣ ምን እንደሚደረግልኝ ሳይነገረኝ እነካካለሁ ብለው ይፈራሉ። በምጥ ላይ ያለችን ሴት መቆጣት፣ ከቤተሰቧ ነጥሎ ብቻዋን ማሳደር፣ በቅጡ ሳያደነዝዙ መስፋት ከምጥ ጋር አብረው የተፈጠሩ ነገሮች አይደሉም፤ የእኛ የባለሙያዎቹ ጥፋቶች ናቸው፤ ጥፋታችንንም በሴቲቱ ሆድ ላይ በሚያርፍ ቢላ ልናርመው አይገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት ወላድ ራሷ የመረጠችው ሰው በምጧ ጊዜ ሁሉ አብሯት እንዲሆን ይመክራል። ይህ ለማጽናናት ያህል የተባለ እንዳይመስልዎ፤ በብዙ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙ ሴቶች ያለ ቀዶ ጥገና የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ፣ ምጣቸውም በመጠኑ አጠር ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ገና ሁለት ወር ያህል ጊዜ እያለዎት፣ ለመውለድ ወዳሰቡበት ተቋም ሄደው የማዋለጃ ክፍሉን ይዩት፤ እናትዎ ወይም እኅትዎ አብረውዎት ሊገቡ ይችሉ እንደሆነ፣ ለሕመሙ ምን ዓይነት ማስታገሻ እንዳላቸው፣ ሌሊት ችግር ቢፈጠር ኦፕራሲዮን የሚሠራ ባለሙያና ማደንዘዣ የሚሰጥ ሰው በቦታው ይኑር አይኑር ይጠይቁ። መልሱ ካላረካዎት ሌላ ቦታ ይሞክሩ። ሐዋሳ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህን ማድረግ ይቻላል፤ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም፣ አዳሬ ሆስፒታልም፣ የግል ተቋማቱም በባጃጅ የሚደረስባቸው ናቸው፤ ይህ ዕድል ከከተማው ወጣ ብለው ለሚኖሩ ብዙ ሴቶች የለም።

ባልደረቦችዎ የነገሩዎት ሐሰት አይደለም። ቀዶ ጥገናው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ በጀርባ በኩል በሚሰጠው ማደንዘዣ ከወገብ በታች ስለሚደነዝዙ መነካካቱንና መሳቡን እንጂ ሕመሙን አይሰሙትም፤ ነቅተው ስለሚቆዩም የልጅዎን የመጀመሪያ ጩኸት ይሰማሉ። በቀጠሮ የተሠራላት ሴት በመውለጃ አካሏ አካባቢ ስፌት የለባትም፤ ከጊዜ በኋላ ሽንት የማምለጥና የማህፀን ወደ ታች መውረድ ችግርም በእነዚህ ሴቶች ላይ በመጠኑ ያነሰ ነው። ይህን መሸሸግ ተገቢ አይመስለኝም፤ ሴቶች ከእኛ ሳይሆን ከጎረቤት ሲሰሙት ሌላውንም ነገር ስንነግራቸው አያምኑንም።

ያልተነገረዎት ከዚያች ሰዓት በኋላ ያለው ነው። ከቆዳ ጀምሮ እስከ ማህፀን ድረስ ብዙ ድርብርብ አካል ተከፍቶ መልሶ የተሰፋበት ሆድ እንደማንኛውም ከባድ ቀዶ ጥገና ይታመማል። የሽንት ቱቦ ይገባል፤ ማስነጠስ፣ መሳቅ፣ ከአልጋ መነሣት ለተወሰኑ ቀናት ያስቸግራል፤ ስድስት ሳምንት ያህል ከልጅዎ የከበደ ነገር እንዳያነሡ ይመከራሉ። ደም መፍሰስ፣ የቁስል መመርቀዝ፣ በእግር ደም ሥር ውስጥ የደም መርጋት በምጥ ከሚወልዱት ይልቅ በኦፕራሲዮን በሚወልዱት ላይ ይበዛሉ። ልጁን በተመለከተ ደግሞ፣ በሳንባው ውስጥ ያለው ውሃ ለመውጣት ምጡ ስለሚያግዝ፣ ምጥ ሳይጀምር በቀዶ ጥገና የሚወጡ ሕፃናት በተለይ ከ39 ሳምንት በፊት ከሆነ ለመተንፈስ የመቸገር ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው፤ አንዳንዶቹም ለጥቂት ቀናት ከእናታቸው ተለይተው በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ይቆያሉ። አብዛኞቹ ይድናሉ፤ ነገር ግን ጡት በመጀመሪያው ሰዓት እንዲጀምር የምንመክረው ምክር ከእናታቸው ለተለዩት ሕፃናት ብዙ ጊዜ አይሠራም።

ለእኔ ከደብዳቤዎ ሁሉ ክብደት ያለው ግን እርስዎ በመጨረሻ እንደ ዋዛ የጠቀሱት ነገር ነው፤ አራት ልጆች ይፈልጋሉ። አንድ ወይም ሁለት ልጅ ብቻ ለምታስብ ሴት የኦፕራሲዮን ጉዳት በአብዛኛው በዚያው በተሠራላት ጊዜ የሚያበቃ ነው። ለእርስዎ ግን የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ስለ ሁለተኛው፣ ስለ ሦስተኛውና ስለ አራተኛው ልጅም ጭምር የሚወስን ነው። የማህፀን ግድግዳ ሲሰፋ ጠባሳ ይተዋል። በሚቀጥለው እርግዝና የእንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ በዚያ ጠባሳ ላይ ሊያርፍ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ግድግዳው ሥር ሰድዶ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ልጁ ከወጣ በኋላ የእንግዴ ልጁ አይላቀቅም፤ ለማላቀቅ ሲሞከር የሚፈሰው ደም ብዙ ነው፤ የሴቲቱን ሕይወት ለማትረፍም ብዙ ጊዜ ማህፀኗን ማውጣት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመና በአሜሪካ ሆስፒታሎች በኦፕራሲዮን የወለዱ 30,000 ያህል ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ይህንን በቁጥር አሳይቷል። የእንግዴ ልጃቸው የማህፀንን በር ሸፍኖ ከተገኘባቸው ሴቶች መካከል ቀደም ሲል ኦፕራሲዮን ያልተሠራላቸው ከ100 ሦስቱ፣ አንድ ጊዜ የተሠራላቸው ከ100 ዐሥራ አንዱ፣ ሁለት ጊዜ የተሠራላቸው ከ100 አርባው፣ ሦስት ጊዜ የተሠራላቸው ደግሞ ከ100 ስልሳ አንዱ የእንግዴ ልጁ ከማህፀናቸው ጋር ተጣብቆ ተገኝቷል። የእንግዴ ልጅ በሩን መሸፈኑ ራሱ ጥቂቶችን የሚያጋጥም ነገር በመሆኑ ቁጥሩ ሊያስደነግጥዎት አይገባም፤ ይሁን እንጂ ይህ አጋጣሚ ራሱ ጠባሳው በበዛ መጠን ይበዛል። ከዚህም ሌላ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀዶ ጥገና ላይ ሆድን ስንከፍት አንጀትና የሽንት ፊኛ ከማህፀን ጋር ተጣብቀው የምናገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ሥራው ይረዝማል፣ ደሙም ይበዛል፤ ደም ደግሞ በእኛ አገር ሁልጊዜ እንደልብ የሚገኝ ነገር አይደለም።

በዚህ ምክንያት «ስንት ልጆች እንዲኖሩዎት ያስባሉ?» ብሎ ሳይጠይቅ የኦፕራሲዮን ቀን የሚቆርጥልዎትን ሐኪም፣ ባልደረባዬም ቢሆን፣ አላምነውም። ለሐኪሙ የቀጠሮ ኦፕራሲዮን ምቹ ነው፤ ሌሊት አይቀሰቅስም፣ ክፍያውም ይበልጣል፤ ይህን መናገር ባልደረቦቼን ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ ግን እውነት ነው።

የእናትዎን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ልጇን የምትወድበት ልብ በምጥ ከወለደችው ያነሰ አለመሆኑን እናትዎም በጎረቤቶቻቸው ቤት አይተውት ይሆናል። ምጥን በተመለከተ ግን አንድ ነገር አስቀድመው ቢያውቁ ይጠቅምዎታል፤ የመጀመሪያ ልጅ ምጥ መጀመሪያ ላይ ዝግ ብሎ የሚሄድ በመሆኑ «ገና ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው፣ ተራመጂ» ቢባሉ የከፋ ነገር ደረሰ ማለት አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት የ2018 መመሪያ መሠረት ምጡ በርትቷል የሚባለው የማህፀን በር አምስት ሳንቲ ሜትር ሲከፈት ሲሆን፣ ከዚያ ጀምሮ እስከ ሙሉ መከፈት ያለው ጊዜ ለመጀመሪያ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት አይበልጥም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። እርግዝናዎ እስካሁን እንደነበረው ጤናማ ሆኖ ከቀጠለ፣ አያያዙ በሚያረካዎት ተቋም፣ የመረጡት ሰው አብሮዎት ሆኖ በምጥ ለመውለድ ይዘጋጁ። በምጥ መካከል የልጁ የልብ ምት ቢዳከም ወይም ምጡ ባይገፋና ኦፕራሲዮን አስፈላጊ ነው ቢባል፣ ያ ሽንፈት አይደለም፤ ሕክምናው የተፈጠረው ለዚያ ሰዓት ነው። ይህን ሁሉ ካመዛዘኑ በኋላም ፍርሃቱ አልለቅ ቢልዎትና በኦፕራሲዮን ለመውለድ ቢወስኑ፣ 39 ሳምንት ሳይሞላ እንዳይሠራ ይጠይቁ፤ የልጆቹንም ቁጥር ከባለቤትዎ ጋር እንደገና ይነጋገሩበት።

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ እኔ የምኖረው መናኸሪያ አካባቢ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከ18 ሰዓት ምጥ በኋላ የልጁ ልብ ደከመ ተብሎ በድንገት በኦፕራሲዮን ወለድኩ፤ ለምን እንደሆነ ከዚያ በኋላ ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ሰው የለም። ጎረቤት ‹እንኳን ማርያም ማረችሽ› እያለ ገንፎ ሊበላ ሲገባ አማቴ ‹እሷማ መቼ አማጠች፣ ተኝታ ነው የወለደችው› ትል ነበር። ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ይህን ልጅ አምጬ ወልጄ አፏን ማዘጋት እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ግን ‹አንዴ የተቀደደች ሁልጊዜ ትቀደዳለች› ይሉኛል። እውነት ነው?»

መልስ፦ «አንዴ የተቀደደች ሁልጊዜ ትቀደዳለች» የሚለው ድሮ በሐኪሞችም ዘንድ ይባል የነበረ ቢሆንም ዛሬ እንደ ሕግ አይያዝም። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ በኦፕራሲዮን ወልደው ቀጣዩን በምጥ ለመውለድ ከሚሞክሩ ተስማሚ ሴቶች መካከል ከ100 ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት ይሳካላቸዋል። የእርስዎ ኦፕራሲዮን የተሠራው የልጁ ልብ በመድከሙ እንጂ መውጫው ጠብቦ ካልሆነ ዕድልዎ የተሻለ ነው፤ ያ ምክንያት በሁለተኛው ልጅ ላይ ላይደገም ይችላልና። ከመጀመሪያው ወሊድ እስከዚህ እርግዝና ያለፈው ጊዜም ከሁለት ዓመት በላይ በመሆኑ ጠባሳው ለመጠንከር ጊዜ አግኝቷል።

አደጋው የማህፀን ጠባሳ በምጥ ጊዜ መተርተር ነው። በአግድም፣ በማህፀን የታችኛው ክፍል ላይ ለተሠራ አንድ ጠባሳ ይህ ከ1,000 ሴቶች በአምስት ያህሉ ላይ ይደርሳል፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ሲደርስ ግን ለእናትም ለልጅም በደቂቃዎች ውስጥ ኦፕራሲዮን ይጠይቃል። ስለዚህ በቤትም ሆነ ቀዶ ጥገና በማይሠራበት ጤና ጣቢያ ማማጥ ለእርስዎ ክልክል ነው። ምጡ እንዲፋጠን ተብሎ የሚሰጥ የባህል መድኃኒትም ሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ኪኒን እንዳይወስዱ። በምጥና በምጥ መካከል ፋታ የማይሰጥ ሕመም ከተሰማዎት ወይም ደም ካዩ ለባለሙያው ወዲያው ይናገሩ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን በተሠራበት ተቋም ሄደው የመውጫ ማጠቃለያ ወረቀትዎን ይጠይቁ። የሆድዎ ቆዳ ላይ የሚታየው ጠባሳ በአግድም መሆኑ የማህፀኑም ስፌት እንዲሁ ነው ማለት አይደለም፤ ውስጡ ከላይ ወደ ታች ተከፍቶ ከሆነ በምጥ መውለድ አይመከርም። ይህ መረጃ ከእርስዎ እጅ መጥፋት አልነበረበትም፤ ያልተነገረዎትን ምክንያትም ያኔ ያገኙታል። የእንግዴ ልጁ የት እንዳረፈም በአልትራሳውንድ ይታይ፤ ልጁም በጭንቅላቱ መምጣቱ በመጨረሻው ወር ይረጋገጥ።

አማትዎን በተመለከተ ደግሞ፣ 18 ሰዓት አምጠው ከዚያም በቢላ የተከፈቱ ሴት ነዎት፤ ሁለቱንም ቀምሰዋል፤ ማርያም የማረችው ማንን እንደሆነ ለመወሰን ከአማትዎ ፈቃድ አያስፈልግም። ይህን ለእናቱ መንገር የባለቤትዎ ድርሻ ነው፤ በጨዋ ቋንቋ፣ ግን ሳይፈራ። በምጥ የመውለድ ሙከራው ግን እሳቸውን ዝም ለማሰኘት ተብሎ እንዳይሆን አደራ እላለሁ፤ በምጥ መካከል ሐኪሙ «ከዚህ በላይ አንጠብቅም» ቢል፣ ስለ አማት አፍ የምታስብ ሴት ፈቃዷን ለመስጠት ልትዘገይ ትችላለች።

ጥያቄ፦ «እኔ ከሐዋሳ ወጣ ብሎ በቱላ አቅጣጫ የምኖር አባወራ ነኝ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ሁለት ቀን ሙሉ ቤት ውስጥ አምጣ ልጁ ሞቶ ተወለደ። አሁን ስምንተኛ ወሯ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ‹ሆስፒታል ሄዳ ትጠብቅ፣ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልጋት ይችላል› አለችን። አባቴና ሽማግሌዎቹ ግን ‹ሆዷ የተቀደደ ሴት ሥራ አትሠራም፣ ሌላ ልጅም አትወልድም› ይላሉ። እኔ ልፈርም ወይስ ልተው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለመጀመሪያዋ ጠያቂያችን ኦፕራሲዮንን ያለ ምክንያት እንዳትቸኩልበት መክሬያለሁ፤ ለእርስዎ የምለው ደግሞ ተቃራኒውን ነው። በአገራችን በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአዲስ አበባ ከ100 ወሊዶች ወደ 21 የሚሆኑት በኦፕራሲዮን ሲሆኑ በአገር አቀፍ ደረጃ ግን ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዳንዷ ሴት ሳያስፈልጋት ስትከፈት ሌላዋ ቢላው ሳይደርስላት ትሞታለች ማለት ነው። የእርስዎ ባለቤት ከሁለተኞቹ ወገን እንዳትሆን ነው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የተጨነቀችው።

ልጅ ሳይወጣ ለቀናት በታፈነ ምጥ ውስጥ ጭንቅላቱ የእናቱን የሽንት ፊኛና የመውለጃ አካል ከአጥንት ጋር አጣብቆ በመጫን ደም እንዳይደርሳቸው ያደርጋል፤ አካሉ ሞቶ ይበሳና ሽንት ያለ ማቋረጥ ይፈሳል። ፊስቱላ የምንለው ይህ ነው። ከሐዋሳ ብዙም በማይርቀው ይርጋለም ያለው የሐምሊን ማዕከል እንዲህ የሆኑ ሴቶችን ያክማል፤ ብዙዎቹ የተጎዱት ኦፕራሲዮን በጊዜው ባለማግኘታቸው ነው። ባለቤትዎ ከመጀመሪያው ወሊድ ጀምሮ ሽንት የሚያመልጣት ከሆነ ይህንንም ሳታፍር ለሐኪሙ ትናገር፤ በአሁኑ ወሊድ ምን እንደሚደረግ ይለውጣልና።

አባትዎና ሽማግሌዎቹ የሚሉት ትክክል አይደለም። በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ዳግመኛ ታረግዛለች፤ ስድስት ሳምንት ያህል ከከባድ ሸክም ታርፋለች፣ ከዚያም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ለሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆዩ ግን እመክራለሁ፤ የእርግዝና መከላከያውን ከሆስፒታል ሳትወጣ ልትጀምር ትችላለች። ደግሞም ኦፕራሲዮን እንደሚሠራላት ገና አልተወሰነም፤ ሐኪሙ ይመረምራታል፣ በጥሩ ክትትል በምጥ ልትወልድም ትችል ይሆናል።

ስለ ፊርማው፣ ራሷን የምታውቅ አዋቂ ሴት ስለ ሰውነቷ ፈቃድ የምትሰጠው ራሷ ናት፤ እርሷ ተስማምታ ሳለ የባል ወይም የአማት ፊርማ እየተጠበቀ ሰዓት መባከን የለበትም። ከእርስዎ የሚጠበቀው ሌላ ነው፦ መጓጓዣውን አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ የአምቡላንሱን ስልክ መያዝ፣ ደም የሚለግሱ ሁለት ሦስት ዘመዶችን ማነጋገር፣ እርሷ ስትሄድ ቤቱንና ከብቱን የሚጠብቅ ሰው ማግኘት። የወሊድ አገልግሎት ኦፕራሲዮኑን ጨምሮ በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው። በአቅራቢያዋ የእናቶች ማቆያ ካለ ምጡ ሳይጀምራት እዚያ ትቆይ፤ ማቆያው ግን ኦፕራሲዮን ከሚሠራ ሆስፒታል ጋር የተያያዘ ወይም ለእርሱ የቀረበ ይሁን። በዚህ ሳምንት ይዘዋት ይሂዱ፤ የመጀመሪያው ምጥ ስንት ሰዓት እንደፈጀና ልጁ እንዴት እንደተወለደም ለመረመራት ሐኪም አንድ ሳያስቀሩ ይንገሩት።